ቁልፉ በማን እጅ ነው?

(ስለ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች ሥጋትና ጥበቃ፤ በማኅበራችን የንግግር ምሽት አንድ የምህንድስና ተማሪ ያደረገው ንግግር)



የማኅበራችን ጸሓፊ በዛሬው ምሽት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ስለ አንድ ታላቅ የዓለም ጉዳይ የምናገር ሳይመስለው አልቀረም። እኔ ግን የመረጥኩት ስለ ደረጃ፤ ስለ በርና ስለ ቁልፍ ለመናገር ነው። ርእሱ አነስተኛ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። እንደሚታወቀው የከተማችን ሕዝብ ከግቢና ከአጥር ቤት እየወጣ በፎቅ ላይ መኖር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ የምትገቡት ወደ አንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ነው። ስለ ደረጃው ግን፤ እግራችንን ካደከመን በቀር፤ አስበንበት አናውቅም።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። እኔ ከእናቴና ከታናናሾቼ ጋር የምኖረው በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት በምድር ቤቱ ካለው የቆጣሪ ሳጥን እሳት ተነሣ። እሳቱ ራሱ ከአንድ የከሰል ምድጃ የማይበልጥ ነበር። ጢሱ ግን ደረጃውን እንደ ጢስ መውጫ ተጠቅሞ ወደ ላይ ወጣ። ነጠላ በውሃ አርጥበን፤ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፤ ሕፃናቱን ይዘን በጨለማ ወረድን። ከታች ስንደርስ የብረቱ በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ቁልፉ በዘበኛው ኪስ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ብርዱ ስለ ጠናበት ከጎረቤት ሕንፃ ዘበኛ ጋር ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። አርባ የምንሆን ሰዎች በጢስ ውስጥ ቆመን በሩን ስንገፋ፤ አንድ ጎልማሳ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ቀጥቅጦ ሰበረልን። ደጅ ወጥተን ከተነፈስን በኋላ ነው፤ እግራቸው የማይታዘዛቸው አንዲት እማማ ከአምስተኛ ፎቅ እንዳልወረዱ ትዝ ያለን። ሁለት ልጆች ተመልሰው በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ የሞተ ሰው የለም።

በማግሥቱ ከሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ እየጠየቅሁ ዋልሁ፤ «በሩ በሌሊት እንዲቆለፍ ያዘዘ ማን ነው?» ኮሚቴው ነዋሪው ነው አለ፤ ነዋሪው ኮሚቴው ነው አለ፤ ቤቱን ያስረከበን መሥሪያ ቤት ደግሞ እኛ አስረክበናል፤ አያገባንም አለ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ተፈልጎ መጣ። ከተሰጣ ልብስ ስርቆት በኋላ በሩ ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እንዲቆለፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ከፈረሙትም መካከል፤ ማፈሬን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ የእኔ ፊርማ ይገኝበታል። የሕንፃ ጥንካሬ የምማረው እኔ፤ አርባ ሰው በሚቆለፍበት በር ላይ እጄን አውጥቼ ተስማምቻለሁ። ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

በትምህርታችን ቋንቋ አደጋና ሥጋት አንድ አይደሉም። እሳት፤ ጋዝ፤ ኤሌክትሪክና ከፍታ አደጋን የሚያመጡ ነገሮች ናቸው። ሥጋት የምንለው ግን ያ ነገር ሰውን የሚያገኝበት ዕድልና ካገኘው የሚያደርስበት ጉዳት አንድነት ሲመዘን ነው። እሳትን ከቤታችን ፈጽመን ማስወጣት አንችልም፤ እንጀራ መጋገር፤ ቡና ማፍላት አለብንና። ሥጋቱን ግን ልንቀንሰው እንችላለን። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ሳይርቅ በቅርቡ» ሲሉ ይኸን ትምህርት ከእኛ አስቀድመው ያወቁ ናቸው።

ታዲያ የፎቅ ቤት ከምድር ቤት በምን ይለያል? በምድር ቤት የሚኖር ሰው እሳት ሲነሣበት በበሩ ወይም በመስኮቱ ይወጣል፤ ጎረቤትም በባልዲ ይደርስለታል። በፎቅ ላይ ግን የመውጫው መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ያም መንገድ ሰው ወደ ታች የሚወርድበት፤ ጢስ ወደ ላይ የሚወጣበት፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ቧንቧውን ይዞ የሚገባበት ነው። የእሳት አደጋ መኪና መሰላልም ወሰን አለው፤ ከአንድ ከፍታ በላይ ያለ ሰው የሚድነው በሕንፃው በራሱ አሠራር እንጂ ከደጅ በሚመጣ መሰላል አይደለም። ከሁሉም በላይ፤ በፎቅ ቤት የጎረቤቴ ምድጃ የእኔም ምድጃ ነው። እርሱ ሽቦውን አበላሽቶ ቢቀጥል የእኔ ልጅ በጢስ ይታፈናል።

ስለዚህ ሕንፃው ሲነደፍ አራት ጠባቂዎች ይቆሙለታል። አንደኛው የግድግዳውና የወለሉ ጥንካሬ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት እንደ ተዘጋ ሳጥን ሆኖ እሳቱን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ እንዲያቆይ ይደረጋል። ሁለተኛው በሩ ነው፤ እሳትን የሚቋቋምና ሰው ሲወጣ በራሱ የሚዘጋ መሆን ይገባዋል። ሦስተኛው ከጢስና ከዕቃ ነጻ የሆነ ደረጃ ነው። አራተኛው ማስጠንቀቂያውና ውሃው ነው። ከአራቱ አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ይሸከሙለታል። ሁሉም ቀስ በቀስ ሲደክሙ ግን ማንም አያየውም፤ ሕንፃው በውጭ ሲታይ እንደ ቆመ ነውና።

ይኸን ለማስረዳት ብዙ ተማሪዎቻችን ወደሚያውቋት፤ ብዙ ወገኖቻችንም ወደሚኖሩባት ወደ ሎንዶን ከተማ ልውሰዳችሁ። ዘመኑን የምቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ግንቦት 8 ቀን 1960 ዓ.ም. በምሥራቅ ሎንዶን ሮናን ፖይንት በተባለ ባለ 22 ደርብ ሕንፃ፤ በ18ኛው ደርብ የምትኖር አንዲት ሴት ማለዳ ተነሥታ ሻይ ልታፈላ ክብሪት ጫረች። በሌሊት ጋዝ ሲያፈስ አድሮ ነበርና ፈነዳ። የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተራ በተራ ተናደ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ሴትዮዋ ግን ተረፈች። ሕንፃው ሰው ከገባበት ገና ሁለት ወር ገደማ ነበር። የጋዙ መፍሰሻ ምክንያት አንዲት የማትረባ የናስ ብሎን ሆና ተገኘች። ብሎኗ ጋዙን ብታፈስም፤ አንድ ግድግዳ ሲወጣ የላዩና የታቹ ሁሉ እንዲከተል ያደረገው ግን ተገጣጥሞ የተሠራው ቤት መጋጠሚያ ድክመት ነው። ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝ የሕንፃ ሕግ ተለውጦ፤ ትንሽ ጉዳት መላውን ሕንፃ እንዳያፈርስ ሆኖ እንዲሠራ ታዘዘ።

ከ41 ዓመት በኋላ፤ ሰኔ 26 ቀን 2001 ዓ.ም. በደቡብ ሎንዶን ላካናል ሀውስ በተባለ ባለ 14 ደርብ ሕንፃ እሳት ተነሣ። ስድስት ሰዎች፤ ከእነርሱም ሦስቱ ሕፃናት፤ ሞቱ። ከቤታችሁ አትውጡ፤ እንደርስላችኋለን ተብለው ሲጠብቁ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ የሕንፃው የእሳት መመሪያ እንዲመረመርና ሌላም ሌላም እንዲደረግ ለመንግሥት አሳሰቡ። መመሪያውን የመመርመሩ ሥራ ግን ሳያልቅ ዓመታት አለፉ።

በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በምዕራብ ሎንዶን ግሬንፌል ታወር የተባለ ባለ 24 ደርብ፤ 67 ሜትር ከፍታ ያለው መኖሪያ ሕንፃ ይታደስ ነበር። ሕንፃው በ1966 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ሲሆን መውረጃው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። በእድሳቱ ጊዜ ሙቀት እንዲጠብቅና እንዲያምር ተብሎ ግድግዳው በውጭ በኩል ልባስ ለበሰ። ልባሱ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎች ሲሆን በመካከላቸው ፖሊኤትሊን የተባለ ፕላስቲክ አለ። ፖሊኤትሊን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነውና ሲነድ እንደ ሻማ እየቀለጠ ይነዳል። እድሳቱ በ2008 ዓ.ም. ተፈጸመ።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ በአራተኛው ፎቅ ባለ አንድ ማድ ቤት የማቀዝቀዣ ዕቃ ተቃጥሎ ስልክ ተደወለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በደቂቃዎች ውስጥ ደረሱ፤ የማድ ቤቱንም እሳት አጠፉ። እሳቱ ግን በመስኮቱ በኩል ወጥቶ ልባሱን ይዞት ነበር። 7 ሰዓት ከ27 ሲሆን ከሕንፃው ጫፍ ደረሰ። የሳጥኑ ነገር እዚህ ላይ አበቃ፤ እሳቱ ግድግዳ አልበሳም፤ በውጭ ዞሮ በየመስኮቱ ገባ። ብዙዎቹ በሮች በራሳቸው የሚዘጉበት መሣሪያ ተሰብሮ ወይም ጠፍቶ ነበርና ጢሱ ወደ መተላለፊያውና ወደ ደረጃው አለፈ። ነዋሪዎቹ ግን እንደ ቀድሞው ደንብ ከቤታችሁ አትውጡ ይባሉ ነበር። ይህ ምክር የተነሣው 8 ሰዓት ከ47 ሲሆን ነው። 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 18ቱ ሕፃናትና ልጆች ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው እዚያ የኖሩ ቤተ ሰቦችም በዚያ ሌሊት አልቀዋል። በሕንፃው ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት 37 አካል ጉዳተኞች 15ቱ ሞተዋል። ለእነርሱ ማን ይደርስላቸዋል ተብሎ አስቀድሞ የተጻፈ እቅድ አልነበረም። ይኸን ባነበብኩ ጊዜ የእኛ እማማ በዓይኔ መጡብኝ።

ወገኖቼ፤ የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል እሳቱ አይደለም። ነዋሪዎቹ አስቀድመው ተናግረው ነበር። ከእሳቱ ሰባት ወር በፊት፤ በኅዳር 2009 ዓ.ም. በሕንፃው ዙሪያ የነበረ የነዋሪዎች ማኅበር፤ ብዙ ሰው የሚፈጅ አደጋ ካልደረሰ በቀር የሚሰማን የለም የሚል ጽሑፍ አውጥቷል። ጉዳዩን እንዲመረምር የተሾመው ጉባኤ ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው የመጨረሻ ዘገባ፤ ሕንፃውን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት አቤቱታ የሚያቀርቡትን ሰዎች እንደ በጥባጭ ይመለከታቸው እንደ ነበር ገልጿል። ሞቱም ሁሉ ሊቀር የሚችል እንደ ነበር ተናግሯል። ስለ ጥፋቱም የተጠየቀው ሁሉ ወደ ሌላው ጣቱን ይቀስር ነበር፤ ነዳፊው ወደ ሥራ ተቋራጩ፤ ተቋራጩ ወደ ዕቃ ሻጩ፤ ሻጩ ወደ ተቈጣጣሪው። ይህ በእኛ ደጃፍ በቁልፉ ጉዳይ ከሰማሁት መልስ በምን ይለያል? የሚለየው በሟቹ ቍጥር ብቻ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፤ እንግሊዞች ከዚያ በኋላ በ2014 ዓ.ም. አዲስ የሕንፃ ደኅንነት ሕግ አወጡ። ሕጉ ብዙ አንቀጽ ያለው ነው፤ ለእኔ ግን ፍሬ ነገሩ ሦስት ነው። አንደኛ፤ 18 ሜትር ወይም ሰባት ደርብና ከዚያ በላይ የሆነ መኖሪያ ሕንፃ ሁሉ በመዝገብ ገብቶ ስለ ደኅንነቱ የሚጠየቅ፤ ማንነቱ የታወቀ ኀላፊ ይኖረዋል። ሁለተኛ፤ ሕንፃው ከምን እንደ ተሠራና በየጊዜው ምን እንደ ተለወጠበት የሚናገር መዝገብ ከሕንፃው ጋር አብሮ ይኖራል። ሦስተኛ፤ የነዋሪው አቤቱታ የሚሰማበትና መልስ የሚያገኝበት ሥርዓት ይቆማል። በአጭሩ ስም፤ መዝገብና ጆሮ ማለት ነው። ከ72 ሰው ሞት በኋላ የተጻፈውን ትምህርት እኛ ያለ ሞት ብንማረው ምን ይጎዳናል?

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በመጀመሪያ ጊዜ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ነበሩ፤ ኋላ የመጡት ግን ሰባትና ከዚያም በላይ ሆነዋል። ስለ ጋራ ሕንፃ ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቍጥር 370/1995፤ እያንዳንዱ ሰው የቤቱ ባለቤት ሲሆን ደረጃው፤ ጣራውና መተላለፊያው የጋራ እንደ ሆኑ፤ እነዚህንም የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም የደነገገ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። በተግባር ግን «የጋራ» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን «የማንም አይደለም» ብለን ተርጉመነዋል። አንዱ በደረጃው ሥር ከሰል ያከማቻል፤ ሌላው በመተላለፊያው አሮጌ ፍራሽ ያቆማል፤ ሦስተኛው ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ ይነድላል። አራተኛው ብቻውን ከሦስት ኪሎዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ፤ ለአምፑል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ያቃጥላል። እያንዳንዱ ሲታይ ጥቂት ነው፤ ሲደመር ግን ሕንፃው ሲሠራ ከቆሙለት ከአራቱ ጠባቂዎች አንዱም አልቀረለትም።

«እኛ ድኻ ነን፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል» የሚል መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ውሃ በራሱ የሚረጭበትን ቧንቧ በየቤቱ ለመዘርጋት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ደረጃን ከዕቃ ማጽዳት ግን ምን ያስወጣል? እሳት ሲነሣ ከቤት ወጥቶ በርን ዘግቶ መሄድ ምን ያስወጣል? መሮጥ የማይችሉትን ጎረቤቶች ስም ጽፎ ማን ለማን እንደሚደርስ መወሰን ምን ያስወጣል? በግሬንፌል ገንዘብ አልጠፋም ነበር፤ ሕንፃው ሰው እንዲነድበት ያደረገው እድሳት በገንዘብ የተሠራ ነው።

ሌላው መልስ «ሌባውስ?» የሚል ነው። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔም የፈረምኩት ልብስ ስለ ተሰረቀብን ነው። ነገር ግን ሌባን የሚከለክል በር ሁሉ ባለቤቱን እስረኛ ማድረግ የለበትም። ከደጅ በቁልፍ፤ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ በእጅ ብቻ የሚከፈት መቀርቀሪያ አለ። በእኛ ሕንፃ ከዚያ ሌሊት በኋላ ገንዘብ አዋጥተን ያስገባነው እርሱን ነው። ለአንድ ቤት የደረሰው መዋጮ ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አልበለጠም።

ከዚህም ጋር ጥቂት ነገር አድርገናል። ደረጃውን አጽድተናል፤ ከሰልም ከመተላለፊያ ወጥቷል። በየፎቁ አንድ ሰው ተመርጦ ስሙ ከመግቢያው ተለጥፏል። እማማን የሚያወርዱት ሁለት ጎረቤቶች ታውቀዋል፤ እርሳቸውም አንድ እሑድ በወንበር ተቀምጠው ልምምዱን እየሳቁ አስፈጽመውናል። የእሳት አደጋ ጥሪ ቍጥር 939 በየበሩ ተጽፏል። ያልተሳካልንም አለ። በየፎቁ የተሰቀለው የእሳት ማጥፊያ ጎማ እስከ ዛሬ ውሃ የለውም፤ ቧንቧው ከዋናው መሥመር ጋር አልተገናኘም። ለሚመለከተው ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፈናል፤ መልስ አላገኘንም። ስሙና መዝገቡ በእኛ እጅ ነበሩና አገኘናቸው፤ ጆሮው ግን ገና ነው።

እዚህ ላይ ለሁላችሁ የሚጠቅም አንድ ምክር ልጨምር። እሳቱ በገዛ ቤታችሁ ከሆነ ሰዎቹን ይዛችሁ ውጡ፤ በሩን ዘግታችሁ ሂዱ፤ በአሳንሰር አትውረዱ፤ ዕቃ ለማውጣት አትመለሱ። ጢስ ካጋጠማችሁ ዝቅ ብላችሁ ሂዱ፤ በእሳት አደጋ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚገድለው ከነበልባሉ በፊት ጢሱ ነውና። እሳቱ በሌላ ቤት ከሆነ ደግሞ፤ ቤቴ ውስጥ ልቆይ ወይስ ልውጣ የሚለው መልስ እንደ ሕንፃው አሠራር ይለያያል። ሳጥኑ ጠንካራ በሆነበት ሕንፃ መቆየት ያድናል፤ በተበላሸበት ግን ይገድላል። ስለዚህ የእናንተ ሕንፃ ከየትኛው እንደ ሆነ በቀን ብርሃን፤ ዛሬ፤ ጠይቃችሁ እወቁ። በጢስ ውስጥ የሚደረግ ጥያቄ መልስ የለውም።

ንግግሬን ሳልጨርስ ለየፋኩልቲያችን አንድ ቃል አለኝ። የምህንድስና ጓደኞቼ፤ ነገ በሥዕሉ ላይ የምትፈርሙ እናንተ ናችሁ፤ ርካሹን ዕቃ ተኩ ስትባሉ እንዴት እንደሚነድ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። የሕግ ጓደኞቼ፤ «የጋራ» የሚለው ቃል ከተጠያቂነት መሸሸጊያ እንዳይሆን የምትከራከሩ እናንተ ናችሁ። ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር የምትቀመጡም፤ ደጋግሞ የሚጽፍ ነዋሪ በጥባጭ ሳይሆን ያለ ደመወዝ የሚያገለግላችሁ ዘበኛ መሆኑን አትርሱ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ሁለት ሁለት ሆነን በመጀመሪያ የራሳችንን የተማሪዎች መኝታ ቤቶች፤ ከዚያም እያንዳንዳችን የምንኖርበትን ሕንፃ እንመርምር። የምንጠይቀው አምስት ጥያቄ ብቻ ነው። ደረጃው ነጻ ነውን? በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይከፈታልን? ውሃው ይመጣልን? መውረድ የማይችለው ማን ነው፤ የሚያወርደውስ ማን ነው? ስለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው ሰው ስሙ ማን ይባላል? መልሱን በዚሁ ጋዜጣችን እናውጣው፤ ለሚመለከታቸውም እናድርስ። የመኝታ ቤታችን የኋላ በር ዛሬ ማታ መቆለፉን በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ አሁንም «እኔ አላውቅም» የሚል ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኔ እጄን አውጥቼ በተሳሳተ ውሳኔ ላይ ድምፅ ሰጥቻለሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ በተሻለው ላይ እጄን ማውጣት እፈልጋለሁ። ሐሳቤን የሚደግፍ ቢኖር እጁን ያሳየኝ።